ባሌን ያጠቡት የሳን ባርቶሎ ሰዎች

ባሌን ሀገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሮድሪጎ ቫልዴማር በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ ፕሮዲዩሰር ነበር፤ «ኢላሪዮ የሚባል ሰው ማንንም አያስፈራም» ብሎ። እውነቱን ነው። ኢላሪዮ የሚባል ሰው ወተት ያመላልሳል እንጂ ቤተ ክርስቲያን አያቃጥልም። ቫልዴማር ግን በእኛ ዘመን በሜክሲኮ ሲቲ ሲኒማ ቤቶች ያላቃጠለው ቤት፣ ያልነጠቀው መሬት፣ ያላስለቀሳት ሙሽራ አልነበረም። ገና ፊቱ ሲታይ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ማፏጨት ይጀምራሉ። እሱ ባርኔጣውን እስከ ዓይኑ አውርዶ፣ እኔ አጠገቡ የዱባ ፍሬዬን እየፈለፈልኩ፣ አብረን እናያለን።

እኔ በስቱዲዮው የልብስ ክፍል ሰፊ ነበርኩ። ስሜ ሬፉኺዮ ነው፣ ሰው ሁሉ ግን ኩካ ይለኛል። ከኢላሪዮ ጋር ያገናኘን የጥይት ቀዳዳ ነው። ፊልም ላይ ሰው አንዴ ሞቶ አያርፍም፤ መብራቱ ይበላሻል፣ ፈረሱ ያስነጥሳል፣ እንደገና ይባላል። ሸሚዙ ግን ያው ነው። ሞቶ ሞቶ ወደ እኔ ይመጣል፣ ቀለሙን አጥቤ፣ ቀዳዳውን ጥፌ እመልሳለሁ።

«ዛሬስ የት ላይ መቱህ?» እለዋለሁ።

«ልብ ላይ።»

«ልብ ላይ ኪስ አለበት፣ ለመጣፍ ያስቸግራል። ነገ ሆዴን ምቱኝ በላቸው።»

በማግስቱ እውነትም ሆዱን ተመትቶ መጣ። ዳይሬክተሩን ለምኖ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ከማግባት ሌላ ምን ይደረጋል።

ትውልዱ ከፑዌብላ ተራሮች ነው። አባቱ በበቅሎ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ስለነበር ፈረስም በቅሎም ገና በልጅነቱ ያውቃል። ስቱዲዮ የገባውም ለፈረስ ጠባቂነት ነው። አንድ ቀን ክፉውን ሰው ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ከፈረስ መውደቅ ፈራ፤ ኢላሪዮ በእሱ ልብስ ወደቀለት። መውደቅ ያውቅበታል። ሰው ሲወድቅ እጁን ያስቀድማል፣ እሱ ግን ቀደም ብሎ መሬቱን በዓይኑ ይመርጥና ልክ ወደ አልጋው እንደሚሄድ ሰው ይሄዳል። ዳይሬክተሩ አይቶ «ያንን ሰውዬ ዞር በል በሉት እስቲ፣ ፊቱን ልየው» አለ። ፊቱ ደግሞ ያው ነው፣ ቅንድቡ ተገጣጥሞ፣ ጉንጩ ላይ የበቅሎ ርግጫ ጠባሳ አለበት። በዚያው ቀረ።

የሚስትነቱ ጣጣ ለእኔ ነበር። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምገዛት ዶኛ ቾሌ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ሰኞ ጠዋት እጇን አጣምራ ጠበቀችኝ።

«ለአንቺ አልሸጥም» አለች።

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ። ያ ባልሽ ትናንት ያቺን ምስኪን ዓይነ ስውር ከነልጇ ዝናብ ላይ ጣላት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዶኛ ቾሌ፣ ያቺ ዓይነ ስውር እኮ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ የአሳማ ሾርባዬን ጠጥታ ሄደች። ዓይኗም ከአንቺ ይሻላል፣ ጋዜጣ ያለ መነጽር ታነባለች።»

«እሷ ይቅር ብትለው እኔ አላልኩትም። ሽንኩርቱን አትንኪው።»

አጠገቧ ያለችው ቃሪያ ሻጭ ጣልቃ ገባች። «ሽጪላት እንጂ፣ ከእሱ ጋር ማደሯ አይበቃትም?»

የሸጠችልኝ አዝናልኝ ነው። ያንኑ ለኢላሪዮ ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። «ይኼ ነው ደመወዜ» አለ።

ግን እየዋለ እያደረ ሌላ ነገር ያዘው። የእሱ ተራ ሲያልቅ ሌሎቹ ተዋንያን መጠጥ ቤት ይሄዳሉ፣ እሱ ካሜራው ሥር አንድ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ካሜራማኑን ይጠይቃል፣ መብራት የሚሸከሙትን ይጠይቃል። ዳይሬክተሮቹ ራሳቸው ሲጨንቃቸው «ቫልዴማር፣ አንተ ብትሆን በየት በኩል ታስገባዋለህ?» ይሉት ጀመር። ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል። በማግስቱ የራሳቸው ሐሳብ ሆኖ ይሰማል።

«ለምን ይኼን ያህል ትደክማለህ?» አልኩት አንድ እሑድ።

«ኩካ፣ እስከ ዛሬ አንድ ታሪክ ተጀምሮ እስኪያልቅ በእጄ ሆኖ አያውቅም። መሐል ላይ ገብቼ ክፋቴን ሠርቼ እወጣለሁ። ከላይ እስከ ታች አንዴ መሥራት እፈልጋለሁ። ከዚያ ደህና ካልሆነ እተወዋለሁ።»

የዳይሬክተሮቹ ማኅበር ደግሞ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ማኅበር ነበር። አንዱ ካልሞተ ሌላ አይገባም ይባላል፤ እነሱም አይሞቱም። ኢላሪዮ ማመልከቻ አስገብቶ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ነጣ።

በኋላ ግን አንድ ዳይሬክተር ፊልም ሊጀምር ሲል ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ፊልሙ የሚነሳበት ገጠር ተመርጧል፣ ዋናዋ ተዋናይት ተዋውላለች፣ ጊዜ የለም። ፕሮዲዩሰሩ ዶን ፌርሚን ኢላሪዮን አስጠራው። እኔም አብሬ ሄጃለሁ፣ ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ በበሩ ክፍተት እሰማለሁ።

«ማኅበሩ ለዚህ አንድ ፊልም ፈቅዶልሃል» አለው ዶን ፌርሚን። «በደህና ጨርሰህ ከመጣህ አባል ያደርጉሃል። ካልጨረስክ ወደ ሞትህ ትመለሳለህ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«የምን ሌላ ጊዜ፣ ሽማግሌ። ዕድሜህን አታውቀውም?»

ታሪኩ ስለ ድርቅ ነው። አንድ መንደር ዝናብ ያጣል፣ ሰዉ የቅዱሱን ሐውልት ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ ይዞረዋል። ስለዚህ ኮረብታው ቢጫ ሆኖ መታየት አለበት። የዝናቡ ወር ደግሞ ደርሷል። አንዴ ከዘነበ በሳምንቱ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ይሆንና ፊልሙ አለቀለት። የተመረጠው መንደር ሳን ባርቶሎ ይባላል፤ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው፣ ከዋናው መንገድ ሩቅ። እኔ ልብስ ለመጠገን ከቡድኑ ጋር ሄድኩ።

እንግዲህ የማናውቀው ነገር ይኼ ነው። ሳን ባርቶሎ ሲኒማ ቤት የላትም። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሰውዬ በጭነት መኪና ማሽኑን ጭኖ ይመጣና አደባባዩ ላይ አንሶላ ዘርግቶ ፊልም ያሳያል። ሰውዬው ያለው ፊልም አንድ ብቻ ነው። በየዓመቱ ያንኑ ያሳያል፣ ሰዉም በየዓመቱ ያንኑ ያያል። በዚያ ፊልም ውስጥ ቫልዴማር ማስጠንቀቂያ ሊደውል የሚሮጠውን የቤተ ክርስቲያን ደዋይ ይዞ በራሱ በደወሉ ገመድ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን በእሳት ይለቀዋል።

መኪናችን አደባባዩ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የወረደው ኢላሪዮ ነው። የገለባ ባርኔጣ አድርጓል፣ ወረቀቱን በብብቱ ይዟል፣ ሰላማዊ ሰው ነው የሚመስለው። ማሰሮ የሚሸጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩት። አንዷ ልጆቿን በቀሚሷ ሸፈነች። ወዲያው ደወሉ ጀመረ። የቅዳሴ ደወል አይደለም፣ የእሳት ነው፣ ሳያቋርጥ። ወንዶቹ ከየማሳው፣ ከየሸክላ ምድጃው ባልዲና ገጀራ ይዘው እየሮጡ መጡ።

«የቱ ጋ ነው የሚነደው?» አለ አንዱ እያለከለከ።

ደዋዩ ሜሊቶን ከላይ አንገቱን አወጣ። «ገና አልነደደም» አለ። «ግን መጥቷል። ዘንድሮ እኔ ቀድሜዋለሁ።»

የሥራ ኃላፊያችን ጎንሳሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

ዶን ክሬሴንሲዮ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። የዚያን ዓመት የቅዱሱ አደራ የእሳቸው ነበር፤ ቅዱሱ ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ ከመንበሩ አይነሳም። አክብረው ተቀበሉን። በርጩማ አስመጡ፣ ለጎንሳሎ፣ ለተዋናይቷ፣ ለእኔም ጭምር። ለኢላሪዮ አልመጣም። ቆመ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያኑንም ሰዉንም ለፊልማችሁ እንሰጣለን ብለናል፣ እንሰጣለን። ይኼ ሰው ግን ከመግቢያው ድልድይ ወዲህ አይገባም።»

«አባት፣ ፊልም እኮ ነው» አለ ጎንሳሎ። «የተቃጠለው ካርቶን ነው። የተሰቀለውም ሰውዬ ደህና ነው፣ ሱቅ ከፍቷል።»

«እናውቃለን፣ ልጄ። ሞኝ አታድርገን። እኛም በየዓመቱ ሕማማትን እናሳያለን። ክርስቶስ የሚሆነው የጫማ ሰፊው ልጅ ነው፣ ከመስቀል ወርዶ ባቄላውን እንደሚበላ እናውቃለን። ግን ያንን ሁሉ የተናገረው የዚህ ሰው አፍ ነው። ያንን ገመድ ያሰረው የዚህ ሰው እጅ ነው። አፉም እጁም ይኸው አብረውት መጥተዋል።»

ኢላሪዮ አልተከራከረም። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠና ወደ ድልድዩ ተመልሶ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ከድልድዩ ማዶ ያለ የማገዶ መጋዘን ውስጥ ፍራሽ ዘረጋን።

ጎንሳሎ በኋላ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ሥራው ሥራ ነው። «ሮድሪጎ፣ እንዲህ እናድርግ» አለ። «ረዳትህ እዚያ ይሁንና ያሠራቸው። አንተ ምን እንደምትፈልግ ጽፈህ ስጠው። ፊልሙ ይለቅ።»

«ታዲያ ዳይሬክተሩ ማን ሊባል ነው?»

ጎንሳሎ ጫማውን አየ። «ማኅበሩ እዚያ የነበረውን ነው የሚጠይቀው። እስከ ሐሙስ እጠብቅሃለሁ። ደመናውን ታየዋለህ።»

ደመናውማ ይታያል። ከኮረብታው ኋላ እንደ ጥጥ ተቆልሎ ነበር።

በማግስቱ ኢላሪዮ የድልድዩ ግንብ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን ከሩቅ ያያል። የመንደሩ ሰው ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። አንድ ሰው ብቻ የሸክላ አፈር የጫነች አህያውን አቁሞ አጠገቡ ተቀመጠ። አጭር፣ ጣቶቹ በአፈር የተሰነጣጠቁ ሰው ነው።

«ኖርቤርቶ እባላለሁ» አለ። «የዚህ ሀገር ይሁዳ እኔ ነኝ።»

«እንደ ምን አለህ?»

«ይመስገን። አንተ አለመታጠብህ ነው ችግሩ።»

ኢላሪዮ ልብሱን አየ። ኖርቤርቶ ሳቀና አስረዳው። በሕማማት ዓርብ ይሁዳ ከሆነ በኋላ ገመዱ አንገቱ ላይ፣ ጥላሸቱ ፊቱ ላይ እንዳለ ያድራል። ሰላም የሚለው የለም፣ ማዕድ የሚያቀርበው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምንጩ ይወስዱታል። እናቱ ውሃ ታፈስለታለች፣ እናቱ ከሌለች ሚስቱ። የበደለው ሰው፣ ማለት ክርስቶስ የነበረው ልጅ፣ ገመዱን ከአንገቱ ያወጣና በክርስትና ስሙ ይጠራዋል። በቃ፣ ኖርቤርቶ ሆኖ ገብቶ ከሰው ጋር ይበላል።

«አንተ ግን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያናችንን ታቃጥላለህ፣ ትሄዳለህ» አለው። «ማንም አጥቦህ አያውቅም።»

ኢላሪዮ ፊቱ ጠቆረ። «ሥራዬ ነው፣ ኖርቤርቶ። ኃጢአት አልሠራሁም።»

ኖርቤርቶ ትከሻውን ነቅንቆ አህያውን ነዳ።

ያን ቀን ኢላሪዮ ምግብ አልቀመሰም። ባቄላውን በቶርቲያ ቂጣ ጠቅልዬ ብሰጠው መልሶ አስቀመጠው። «ብታጠብ ያ ሁሉ ዓመት በደል ነበር ማለቴ ነው» አለኝ። «ጎኔን የሰበርኩበት፣ ፈረስ የረገጠኝ፣ ቤታችንን የሠራንበት። በደል ነው ብዬ ከምታጠብ ዳይሬክተርነቱ ይቅር።»

«ይቅር ካልክ ይቅር» አልኩት። «ወደ ቤታችን እንሂድ። ግን ነገ ተነስተህ ተቆጭተህ እኔን እንዳታኮርፍ።»

«አላኮርፍም።»

«ታኮርፋለህ። አውቅሃለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። ኖርቤርቶ አህያውን ይዞ ተመልሶ ሲያልፍ አየንና ጠጋ አለ።

«ልትሄዱ ነው?»

«ልንሄድ ነው» አለ ኢላሪዮ። «ለማልተጸጸትበት ነገር ይቅርታ አልጠይቅም።»

«ይቅርታ ጠይቅ ያለህ ማን ነው?» ኖርቤርቶ እንደ መቆጣት አለ። «ትናንት ሳልጨርስልህ ተቆጣህ። እዚህ ፑልኬ ጠምቆ የሚሸጥ ቼማ የሚባል አለ። አንድ ዓመት እኔ ታምሜ እሱ ይሁዳ ሆነ። ክርስቶስን ሊስመው ሲል ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። ገመዱን አንገቱ ሲያስገባ የገዛ እናቱ እንኳ ምንም አላላትም። ቅዳሜ ጠዋት ምንጩ ጋ ሄዶ ቢቆም የሚያጥበው ጠፋ። ከምንህ ነው የምናጥብህ አሉት። እስከ ዛሬ ያፍራል።»

ኢላሪዮ የሚያስረውን ገመድ ለቀቀ።

«የሚታጠብ እኮ ያወቀበት ነው» አለ ኖርቤርቶ። «እኔ እንዲህ ያለ ይሁዳ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ በየዓመቱ ሳይህ እቀናብሃለሁ።»

ከዚያ ኢላሪዮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የቱ ጋ ነው በጣም የፈራኸው?» አለው።

«ሲነድ አይደለም። ሰውዬውን ከሰቀልከው በኋላ፣ እጅህን በመሐረብ ጠርገህ መሐረቡን አጥፈህ ኪስህ ስትከት።»

«እሱን ማንም አላዘዘኝም» አለ ኢላሪዮ። «ከራሴ ነው።»

«ታውቋል።»

ያን ጊዜ ነው ዕቃውን ፍቺው ያለኝ።

አንድ ችግር ቀረ። የበደለው ሰው ገመዱን ማውጣት አለበት፤ የተሰቀለው ተዋናይ ደግሞ ከተማ ሱቁ ውስጥ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ደዋዩ ሜሊቶን ይተካ አሉ፤ ደዋይ ለደዋይ። ሜሊቶን ግን እምቢ አለ። ዶን ክሬሴንሲዮ እቤቱ ድረስ ሄደው፣ እኔም ከበሩ ውጭ ቆሜ፣ እሰማለሁ።

«እንዴት ብዬ ነው ይቅር የምለው?» ይላል። «ሚስቴ እኮ ያንን ፊልም ባየች ቁጥር ደወሉን ተው ትለኛለች። ወንድሟ ጋ ሄጄ ከብት እንድጠብቅ ነው የምትፈልገው።»

«ታዲያ አሁን ቀድመኸው ደወልክ አይደል?» አሉት ሽማግሌው። «አሸንፈኸዋል እኮ። ያሸነፈ ይቅር ይላል።»

ሜሊቶን አሰበበት። «ለሚስቴም እንዲህ ብለው ይንገሯት» አለ።

ሐሙስ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ምንጩ ጋ ወጣ። ጎንሳሎም ሰዓቱን እያየ መጣ። የኢላሪዮ እናት ከሞቱ ቆይተዋል፤ ውሃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ደህናውን ቀሚሴን እለብስ ነበር፣ የሥራ ሽርጤን እንዳገለደምኩ ነው። ፊቱን ጥላሸት ቀብተውታል፣ አንገቱ ላይ የደወል ገመድ አለ። ውሃው ከተራራ ነው የሚወርደው፣ እጅ ይቆርጣል። እኔ ሳፈስ እሱ ዓይኑን አልጨፈነም፣ ሰዉን ነበር የሚያየው። ሜሊቶን ገመዱን አወጣ።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አለው።

«ኢላሪዮ።»

«ኢላሪዮ?» ሜሊቶን ወደ ሰዉ ዞረ። «ኢላሪዮ ነው የሚባለው» አላቸው፣ እንደ ማዘን ብሎ። ሴቶቹ ውስጥ የሆነች ሳቀች፣ ሌላዋም ተከተለች። «በል ኢላሪዮ፣ ና እንብላ።»

በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ታማሌና አቶሌ የሚባለው ትኩስ የበቆሎ አጥሚት ነበር። ኢላሪዮ መሐላቸው ተቀመጠ። አፉ ሙሉ እንደሆነ ግን ፀሐይዋን እያየ፣ ከዶን ክሬሴንሲዮ ጋር ስለ ቅዱሱ መውጫ ማውራት ጀመረ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «ቅዱሱን ለዝናብ አንዴ ነው የምናወጣው። አንዴ ከተለመነ ሰምቷል። ሁለተኛ ማውጣት አልሰማህም ማለት ነው፣ ስድብ ነው።»

ጎንሳሎ ታማሌውን አስቀመጠ። «አባት፣ ፊልም በአንዴ አይሠራም። ሰው ይሳሳታል፣ መብራት ይሳሳታል።»

«ታዲያ አትሳሳቱ።»

ጎንሳሎ ኢላሪዮን አየው። ኢላሪዮ አፉን ጠረገ። «አንዴ ይበቃናል» አለ። በኋላ ብቻችንን ስንሆን ግን እጄን ይዞ «ኩካ፣ አብጃለሁ መሰለኝ» አለኝ።

የዚያን ቀን ካሜራውን ምንም ሳያነሳ ዋለ። በቅዱሱ ፋንታ ባዶ በርጩማ አሸከማቸው። በዚያ በርጩማ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ኮረብታው ሥር ሰዉን አመላለሰው። ማንን ከፊት፣ ማንን ከጎን፣ የትኛዋ አሮጊት የት ላይ እንደምትደክምና እንደምትቀመጥ፣ ሁሉን አየ። ሰዎቹን በስማቸው ይጠራል። ቼማን ከሻማ ያዦቹ ኋላ አቆመው፤ «አንተ ዝም ብለህ ሂድ፣ ፊትህን ካሜራ አያየውም» አለው። ቼማም ደስ አለው። እኔ ከነሱ ጋር ስመላለስ ጫማዬ ተቀደደ።

ዓርብ ቅዱሱ ወጣ። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ጠቁሯል፣ ግን ኮረብታው ላይ ፀሐይ አለ። ኢላሪዮ እጁን አንስቶ ጣለ፣ ካሜራው ዞረ። ሰዎቹ እንደ ተለማመዱት ሄዱ። እግራቸው የሚያስነሳው አቧራ ወርቅ ይመስላል። ወደ ሜዳው ሲደርሱ ግን ያልተባለ ነገር መጣ፤ ሴቶቹ ተንበረከኩ፣ ከዚያ ወንዶቹ። የእውነት መለመን ጀመሩ። ያን ዓመት በቆሎው እውነት ደርቆባቸው ነበር እኮ። ረዳቱ «ይህ አልተጻፈም፣ እናቁም?» አለ። ኢላሪዮ የካሜራማኑ ትከሻ ላይ እጁን አድርጎ ካሜራውን እንዳያቆም ያዘው፣ ፊልሙ ተጠቅልሎ እስኪያልቅ። ማሽኑ ውስጥ ጫፉ ጠሽ ጠሽ ሲል ነው ሁላችንም የተነፈስነው።

«ሌላ አንድ ለጥንቃቄ» አለ ጎንሳሎ በሹክሹክታ። «ዝም ብለህ ጠይቃቸው።»

«አልጠይቅም። በቃ፣ ይኼው ነው» አለ ኢላሪዮ።

የቀሩት ትዕይንቶች ቤት ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ። እሑድ ዘነበ። ሳን ባርቶሎ ጭቃ ሆነች፣ ሰዉ በራፉ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋል። ጎንሳሎ ኮረብታውን አይቶ አማተበ።

ፊልሙ ትልቅ ፊልም አልሆነም። መሐሉ ይጎትታል፣ ተዋናይቷ አብዝታ ታለቅሳለች፤ ኢላሪዮም ራሱ ያውቀዋል። ግን የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያዩት ያቺ የሜዳ ላይ ልመና ስትደርስ ማጨሳቸውን አቆሙ አሉ። አባል አደረጉት። ዶን ፌርሚን በዚያው ወር አንድ የወንበዴ ሥራ ይዞለት መጣ፣ ኢላሪዮ አመስግኖ መለሰለት። ከዚያ በኋላ እስኪደክም ድረስ ዳይሬክተር ሆኖ ሠራ፣ አንዳንዱ ደህና ነው፣ አንዳንዱን እኔም አልወደድኩትም።

ቤት ውስጥ ግን አመል ሆነበት። ሾርባ ይዤ ስገባ መስኮቱን ያይና፣ ብርሃኑን ያይና፣ «ኩካ፣ እስቲ እንደገና ከበሩ ግቢ» ይለኛል። «ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ዝም ብለህ ብላ» እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን፣ ደስ ካለኝ፣ ወጥቼ እገባለት ነበር።